ጠባሳው ያለበት ሌላ፣ ዕጢው የነበረበት ሌላ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ከረመ። ለእኔ እንኳ ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዷ ከሥሩ «ይሄ እውነት ነው እንዴ? ነገ ቀጠሮ አለኝ» ብላ ጽፋለች። ለእሷ ወዲያው መለስኩላት፤ «ቀጠሮሽ ላይ እንዳትቀሪ» አልኳት። ሌላው ሰው ግን ዘርዘር ያለ መልስ ይገባዋል።

ጽሑፉ በአጭሩ የሚለው ይህን ነው። ጡቷ ሳይነሳ የካንሰር ዕጢው ብቻ የወጣላት ሴት፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው ከተባለች ጨረር አያስፈልጋትም። የግድ ነው ከተባለም ጠባሳው ላይ ማነጣጠር ይበቃል፤ ክሊፕ (ዕጢው የወጣበትን ቦታ ለማመልከት ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ብረት)፣ ሲቲ ስካን፣ ዕቅድ የሚባለው ሁሉ ማወሳሰብ ነው። ቦታውን የሚጠራጠር ሐኪም ሰፋ አድርጎ ይምታው። ወይም ቀዶ ሕክምናው ላይ እያለች አንዴ ጨረር ሰጥቶ መገላገል ይቻላል። የግራ ጡት ጨረር ልብ ይገድላል። ሕክምናውን ከአምስት ሳምንት ወደ አንድ ሳምንት ያሳጠሩት ደግሞ ወረፋ ለማቃለል እንጂ ለታካሚዋ ብለው አይደለም።

ሥራዬ የጨረር ሕክምና ዕቅድ ማውጣት ነው። ሐኪሟ ዒላማውን ትስላለች፤ እኔ ጨረሩ በየት በኩል ገብቶ የት እንደሚደርስ አሰላለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደረት በየጥቂት ሚሊሜትሩ ተከፍሎ ስክሪን ላይ አያለሁ። ስለዚህ ጽሑፉን ሳነብ አንዳንዱ ቦታ ላይ ሳቅኩ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ደነገጥኩ። አንድ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ጸሐፊው ልክ ናቸው። እሱንም አልደብቅም።

«ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ ጨረር ትርፍ ነው»

መጀመሪያ ንጹሕ ጠርዝ ምን እንደሆነ እንግባባ። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን በዙሪያው ካለ ጤነኛ ሥጋ ጋር ቆርጦ ያወጣል። የወጣው ቁራጭ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋው ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ ይሄዳል። እዚያ ውጭ ውጭው ቀለም ይቀባል። ከዚያ በስሱ ተቆራርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቀለሙ ላይ የደረሰ የካንሰር ሕዋስ ካልተገኘ ጠርዙ ንጹሕ ነው ይባላል።

ልብ በሉ፤ የታየው የወጣው ቁራጭ ነው። ጡት ውስጥ የቀረውን ማንም በማይክሮስኮፕ አላየውም። ካንሰር ደግሞ እንደ ብይ ድቡልቡል ብሎ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ከዋናው ዕጢ ራቅ ብለው የቀሩ፣ በእጅ የማይዳሰሱ፣ በማሞግራምም (በጡት ራጅ) የማይታዩ ሕዋሳት ሊኖሩ ይችላሉ። ጨረሩ የሚሰጠው ለእነሱ ነው።

ይህ ደግሞ በወግ የሚነገር ሳይሆን ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። ቀዶ ሐኪሙ በርናርድ ፊሸር የመሩትና ቢ-06 ተብሎ የሚታወቀው የአሜሪካ ጥናት በ1976 እ.ኤ.አ. ሴቶችን መመዝገብ ጀመረ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) የ20 ዓመቱ ውጤት በ2002 ታተመ። ዕጢው ብቻ ወጥቶላቸው ጠርዛቸው ንጹሕ ከነበረው ሴቶች ውስጥ፣ ጨረር ካልወሰዱት 39.2 በመቶዎቹ ላይ ካንሰሩ እዚያው ጡት ላይ ተመልሶ መጣ። ጨረር ከወሰዱት ግን 14.3 በመቶዎቹ ላይ ብቻ። እንግዲህ እነዚህ ጸሐፊው «አያስፈልጋቸውም» ያሏቸው ሴቶች ራሳቸው ናቸው።

በ2011 ደግሞ የ17 ጥናቶች ውጤት አንድ ላይ ተደምሮ ቀረበ። 10,801 ሴቶች ነበሩበት። በ10 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የትም ቦታ የመመለስ ዕድሉ ከ35.0 ወደ 19.3 በመቶ ወረደ። በ15 ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የመሞት ዕድልም ከ25.2 ወደ 21.4 በመቶ ወረደ። አራት ሴት ላይ እንዳይመለስ ሲደረግ አንድ ሴት ከሞት ተረፈች እንደማለት ነው። ዛሬ መድኃኒቱም ምስሉም ስለተሻሻለ በሁለቱም ወገን ያለው ቁጥር ከዚህ ያነሰ ነው። ጨረር ግን የመመለስ ዕድሉን ዛሬም በጉልህ ይቀንሳል።

አሁን ጸሐፊው ልክ ወደሆኑበት ልምጣ። ጨረር ባይወስዱም የሚያስኬዳቸው ሴቶች አሉ። ፕራይም ሁለት የተባለው ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሴቶችን ወሰደ። ዕጢያቸው ከ3 ሴንቲሜትር ያልበለጠ፣ ካንሰሩ ብብታቸው ያልደረሰ፣ ካንሰራቸው ሆርሞን የሚቀበል፣ የሆርሞን ክኒንም የሚወስዱ ነበሩ። በ10 ዓመት ውስጥ ጨረር ካልወሰዱት 9.5 በመቶ፣ ከወሰዱት 0.9 በመቶ ላይ ካንሰሩ ጡቱ ላይ ተመለሰ። በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ግን በሁለቱም ወገን 81 በመቶ ገደማ ነበር። እንዲህ ያለችው ሴት ከሐኪሟ ጋር ተማክራ «ይቅርብኝ» ብትል ማንም አይፈርድባትም።

ጸሐፊው ይህን ብቻ ብለው ቢያቆሙ እኔም ጽሑፋቸውን ለሰው እልክ ነበር። እሳቸው ግን ለ70 ዓመቷ የሚሆነውን ለ40 ዓመቷም አደረጉት። ወጣት ሴቶች ላይ ደግሞ ካንሰሩ እዚያው ጡት ላይ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል።

«ጠባሳውን አይቶ ማነጣጠር ይበቃል»

እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። ረዘም አድርጌ ብመልስ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው።

ካንሰሩ ተመልሶ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ዕጢው በነበረበት አካባቢ ነው። ስለዚህ ለብዙ ሴቶች ሙሉ ጡቱ ጨረር ካገኘ በኋላ ለዚያ ቦታ ብቻ ተጨማሪ መጠን ይሰጣል። ለአንዳንዶች ደግሞ ጭራሽ ሙሉ ጡቱ ቀርቶ ያ አካባቢ ብቻ ይታከማል። በሁለቱም መንገድ ጥያቄው አንድ ነው። ያ ቦታ የት ነው?

ድሮ መልሱ ቀላል ይመስል ነበር። ሐኪሙ ጠባሳውን ያያል፣ በዙሪያው ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ትቶ በእስክሪብቶ ያከብበዋል፣ ጨረሩም እዚያ ላይ ይሰጣል። ጸሐፊው የሚናፍቁት ይህን ዘመን ነው።

አንድ ቀን ስክሪኔ ላይ የነበረውን ምስል ላሳያችሁ። ሴትዮዋ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ሁለቱም እጆቿ ከራሷ በላይ ተሰቅለዋል። ሲቲው ከመነሳቱ በፊት ባለሙያዋ ጠባሳው ላይ ቀጭን ሽቦ ለጥፋለች፤ ሽቦው ምስሉ ላይ እንዲታይ ነው። ጠባሳው በጡት ጫፉ ዙሪያ ያለውን ጠቆር ያለ ቆዳ ተከትሎ የተሰፋ ነው። ካልነገሩህ አታየውም፤ ቀዶ ሐኪሙ እጁ ይባረክ። ምስሉን ወደ ላይ ማንቀሳቀስ ጀመርኩ። ሽቦው ጠፋ። አንድ ሴንቲ፣ ሁለት ሴንቲ፣ ምንም የለም። ከዚያ ወደ ብብቱ ጠጋ ብሎ፣ የደረት ጡንቻው ላይ ሊያርፍ ምንም ያልቀረው አንድ ነጭ ነጥብ ብልጭ አለ። ቀጥሎ ሌላ። በድምሩ አምስት ክሊፕ። ከሽቦው እስከ ቅርቡ ክሊፕ ለካሁት፤ 6 ሴንቲሜትር።

በጠባሳው ብንሄድ ኖሮ ተጨማሪውን መጠን በሙሉ ጤነኛ ቦታ ላይ አፍስሰን፣ ካንሰሩ የነበረበትን ሳንነካው እንቀር ነበር። ማንም ደግሞ አያውቅም። ቆዳው እንደተለመደው ይቀላል፣ ሕክምናው «ተጠናቀቀ» ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፋል። ስህተቱ የሚታወቀው፣ ከታወቀ፣ ከዓመታት በኋላ ነው።

ጠባሳው ለምን ራቀ? ቀዶ ሐኪሞች ጠባሳውን ሆን ብለው ይደብቁታል። በጡት ጫፉ ዙሪያ፣ በጡቱ ሥር ባለው እጥፋት ወይም በብብት በኩል ይገቡና ከውስጥ ወደ ዕጢው ይሄዳሉ። ደግ ያደርጋሉ፤ ሴቷ ልብሷን አውልቃ መስታወት ፊት ስትቆም የምታየው እሱን ነው። በዚያ ላይ የጡቱን ቅርጽ ለማስተካከል ከጎን ያለውን ሥጋ አንቀሳቅሰው ክፍተቱን ይሞሉታል። ከዚህም በላይ፣ እጅ ወደ ላይ ሲሰቀል ቆዳው አብሮ ይሳባል። ጠባሳውም አብሮት ይሄዳል፤ ሥሩ ያለው ቦታ ግን በዚያው ልክ አይከተለውም።

ስለ ክሊፑ ጸሐፊው «ሰውነቷ ውስጥ ብረት ይተዋሉ» ብለው ያስፈራራሉ። ክሊፑ ከቲታኒየም የሚሠራ፣ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ ነገር ነው። ማግኔት አይስበውም፤ ኤምአርአይ ከመነሳት አያግድም። ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ይቀመጣል፤ ዕጢው የወጣበት ጉድጓድ ግድግዳ ላይ፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ አንዱም ከወለሉ። የሚወስደው ጊዜ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ብቸኛው ቅድመ ሁኔታ፣ ሥጋው ከመንቀሳቀሱና ክፍተቱ ከመዘጋቱ በፊት መቀመጡ ነው። ከተዘጋ በኋላ የተቀመጠ ክሊፕ እኛን ከማሳሳት በቀር ምንም አይረባም።

ክሊፕ ከሌለስ? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ሴሮማ ይባላል። ሲቲ ላይ ግራጫ ኩሬ መስሎ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደህና አድርጎ ይመራናል። ግን ከቀን ወደ ቀን ይደርቃል። ሴቷ መሃል ላይ ለወራት ኬሞ ስትወስድ ከቆየች፣ እኛ ጋ ስትመጣ ኩሬው የለም። ያኔ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተነሳችውን ማሞግራም እናወጣለን፣ የቀዶ ሐኪሙን ማስታወሻ እናነባለን። ማስታወሻው «ዕጢው በቀኝ ጡት ላይኛው ውጭኛ ክፍል፣ በሰዓት መልክ 10 ቁጥር ላይ፣ ከጡት ጫፍ 5 ሴንቲሜትር ርቆ» ካለ እግዚአብሔር ይስጠው። (ቁጥሩ የሰዓቱ ፊት ላይ ያለው ነው፤ የእኛን አቆጣጠር እዚህ ማምጣት አያስፈልግም።) «ዕጢው ወጥቷል» ብቻ ካለ ግን ሁለት ሐኪሞች ያንኑ ምስል ይዘው ሁለት የተለያየ ቦታ ይስላሉ። አይቻለሁ። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው። የጎደለው መረጃ ነው።

ክሊፕም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ይንሸራተታል፣ አንዳንዴም ከተንቀሳቀሰው ሥጋ ጋር አብሮ ይሄዳል። ለዚያ ነው ክሊፑን፣ ፈሳሹን፣ የድሮውን ማሞግራምና ማስታወሻውን አንድ ላይ የምናየው። ጠባሳውንም እናየዋለን፤ ከአራቱ በኋላ ነው እንጂ።

«ካልተማመናችሁ ሰፋ አድርጋችሁ ምቱት»

ይህ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና አብረን እናስላ።

ዕጢው የወጣበት ቦታ ክብ ነው እንበል፤ ከመሃሉ እስከ ዳሩ 2 ሴንቲሜትር። ይዘቱ 34 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በዙሪያው 1 ሴንቲ ብንጨምር 113 ይሆናል። «ኧረ ለማንኛውም ሌላ 1 ሴንቲ ጨምሩበት» ካላችሁ 268 ይደርሳል። ሁለት ሴንቲ ብቻ ጨምረን ስምንት እጥፍ ሥጋ ጨረር ውስጥ ገባ። ትንሽ ጡት ላይ ይህ «ተጨማሪ ለዚያ ቦታ ብቻ» መሆኑ ይቀርና ለጡቱ ሁሉ ይሆናል።

ዋጋውስ? ከ5,300 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት አንድ የአውሮፓ ጥናት የተጨማሪውን መጠን ጥቅምና ጉዳት ለ20 ዓመት ተከታተለ። ሁሉም ለሙሉ ጡቱ 50 ግሬይ ወሰዱ፤ ግማሾቹ ለቦታው 16 ግሬይ ተጨመረላቸው። (ግሬይ ሰውነት የተቀበለው የጨረር መጠን መለኪያ ነው።) በ20 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ጡቱ ላይ የተመለሰባቸው ከ16.4 ወደ 12.0 በመቶ ወረዱ። በአንጻሩ ከባድ የጡት መጠንከር የደረሰባቸው ከ1.8 ወደ 5.2 በመቶ ወጡ። በሕይወት የመቆየት ልዩነት አልታየም።

መጠንከር ማለት ጡቱ እየከረረ፣ እየተሸበሸበ፣ ሲነካ እያመመ መሄድ ነው። እና ጨረሩ ከቦታው ቢስት ምን ይሆናል? ጥቅሙን ሳታገኝ ጉዳቱን ብቻ ትሸከማለች። ሰፋ ቢደረግም ጉዳቱ ይጨምራል። ማስፋት ቦታውን የማወቅን ያህል አይሆንም፤ ባለማወቃችን የምናስከፍላት እሷን ነው።

«አንዴ፣ ቀዶ ሕክምናው ላይ እያለች መገላገል»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ቦታው ተከፍቶ ፊት ለፊት እየታየ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ማነጣጠር የት ይገኛል? ሚላን ውስጥ የተደረገው ኤሊዮት የተባለ ጥናት ይህንኑ ሞከረ። 1,305 ሴቶች፤ ግማሾቹ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ አንድ ጊዜ 21 ግሬይ፣ ግማሾቹ የተለመደው የሙሉ ጡት ጨረር። በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ጡቱ ላይ የተመለሰባቸው አንዴ ከወሰዱት 4.4 በመቶ፣ ከሌሎቹ 0.4 በመቶ ሆኑ። ታርጊት የተባለው ሌላው ጥናት በሌላ መሣሪያ ሞክሮ 3.3 እና 1.3 በመቶ አገኘ። ልዩነቱ የጠበበ ነው፤ ክርክሩም አልሞተም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ቀዶ ሕክምናው ላይ እያለን የፓቶሎጂው ሙሉ ውጤት ገና አልመጣም። የብብቱ ንፍፊቶችና ጠርዙ በትክክል ምን እንደሆኑ፣ ካንሰሩም ምን ዓይነት እንደሆነ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ነው። ቦታውን አይተናል፤ ሴቷ ለዚህ ሕክምና የምትሆን መሆኗን ግን አላወቅንም።

ከፊል ጡትን ብቻ በጨረር ማከም ራሱ ግን ይሠራል። ኢምፖርት ሎው የተባለው የእንግሊዝ ጥናት 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ የመመለስ ዕድሉ ዝቅ ያለላቸውን 2,018 ሴቶች ወሰደ። በአምስት ዓመት ሙሉ ጡቱ የታከመላቸው 1.1 በመቶ፣ ከፊሉ ብቻ የታከመላቸው 0.5 በመቶ ላይ ተመለሰ። ከፊሉ የታከመላቸው ሴቶች በጡታቸው መልክና ልስላሴም ያን ያህል አልተጎዱም። ልዩነቱ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ፣ ውጤቱ ከመጣ፣ ምስሉ ከታየ በኋላ መደረጉ ነው።

«የግራ ጡት ጨረር ልብ ይገድላል»

ይህ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። በስዊድንና በዴንማርክ ከ1958 እስከ 2001 ድረስ ጨረር የወሰዱ 2,168 ሴቶች ታሪክ ተጠንቶ በ2013 ታትሟል። ልብ በአማካይ የተቀበለው ጨረር በ1 ግሬይ ሲጨምር፣ ከባድ የልብ ሕመም የመከሰት ዕድል በ7.4 በመቶ ይጨምራል። «ከዚህ በታች ምንም አያደርግም» የሚባል ወለልም አልተገኘለትም። ጸሐፊው ቁጥሯን አግኝተው በደማቁ ጽፈዋታል።

የ7.4 በመቶ ጭማሪው ግን የሚሰላው ሴቷ ቀድሞ ካላት ዕድል ላይ ነው። ጥናቱ ራሱ ምሳሌ ሰጥቷል። ሌላ የልብ ችግር የሌለባት የ50 ዓመት ሴት ልቧ 3 ግሬይ ቢያገኝ፣ እስከ 80 ዓመቷ በዚህ ዓይነት የልብ ሕመም የመሞት ዕድሏ ከ1.9 ወደ 2.4 በመቶ ይወጣል። ከመቶ ሴት ግማሽ ሴት። ትንሽ ነው፤ ግን ዜሮ አይደለም፤ ለሚያጨሱና ደም ግፊት ላለባቸው ደግሞ ይበልጣል። እኛም በዋዛ አናየውም።

እነዚያ ሴቶች በአብዛኛው የታከሙት ሲቲ ሳይኖር ነው። ልቡ የት እንዳለ ሳይታይ። ዛሬ ግራ ጡት ሲሆን የምናደርገው አንድ ቀላል ነገር አለ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ተኝታለች። እኛ ከክፍሉ ውጭ ሆነን በካሜራ እናያታለን። ማይክሮፎኑን እንጫንና «ትንፋሽ ይሳቡ… ይያዙ» እንላለን። ደረቷ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር ወጥታ አረንጓዴው ሳጥን ውስጥ ትገባለች። ጨረሩ ይበራል። ሃያ ሰከንድ ገደማ። «ይተንፍሱ።» በቃ።

ሳንባው ሲነፋ ልቡን ወደ ታችና ወደ ኋላ ይገፋዋል። ደረት ግድግዳው ሥር ተለጥፎ የነበረው የልብ ፊት፣ ከዋናው የደም ቧንቧ ጋር፣ ከጨረሩ መንገድ ወጣ ይላል። ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን ሳይ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በትንፋሽ ብቻ፣ ልቡ ከነበረበት ዘወር ብሎ ጥቁር ሳንባ ተተክቷል። ብዙ ሴቶች ላይ የልቡ አማካይ መጠን 1 ወይም 2 ግሬይ አካባቢ ይሆናል።

ለሁሉም አይሆንም። ትንፋሽ መያዝ የማይችሉ አሉ። የአንዳንዷ ልብ ደግሞ ሰፊ ቦታ ላይ ደረቱን ይነካል። ያኔ በደረት አስተኝተን፣ የጨረሩን ማዕዘን ቀይረን ወይም የተወሰነውን ቦታ ጋርደን እንሞክራለን። ጸሐፊው «ግራ ከሆነ እምቢ በይ» ከሚሉ «ልቤ ስንት ግሬይ አገኘ ብለሽ ጠይቂ» ቢሉ ኖሮ ስንቱን በጠቀሙ። ቁጥሩ ዕቅዱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለጠየቀኝ ሁሉ አሳያለሁ።

«አንድ ሳምንት የወረፋ ማቃለያ ነው»

ባጭሩ፤ አይደለም። ፋስት-ፎርዋርድ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት 4,096 ሰዎችን ይዞ፣ 40 ግሬይ በ15 ጊዜ የወሰዱትን ከ26 ግሬይ በአምስት ጊዜ ጋር አወዳደረ። በአምስት ዓመት 2.1 እና 1.4 በመቶ ላይ ተመለሰ። በየቀኑ የሚሰጠው ከፍ ስለሚል ድምሩ ይቀንሳል፤ 26 ከ40 ስላነሰ ተሰረቅሁ ማለት አይደለም። ወረፋ ካቀለለ ደግሞ ምን ክፋት አለው? ወረፋ ላይ ያለችውም ሴት ናት።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ጸሐፊው ያላዩት። ሕክምናው 25 ቀን ሲሆን አንድ ቀን አቀማመጧ ቢዛነፍ የተሳተው ከመቶ አራት ነው። አምስት ቀን ሲሆን አንድ ቀን ከመቶ ሃያ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ከመጀመራችን በፊት ምስል አንስተን እናመሳክራለን። ቆዳዋ ላይ ያለችው የእስክሪብቶ ጫፍ የምታክል የንቅሳት ነጥብ መነሻ ናት። ማረጋገጫው የውስጡ ምስል ነው። ክሊፕ ካለ እነዚያ ነጭ ነጥቦች ከመጀመሪያው ቀን ምስል ጋር ተገጣጥመው ይታያሉ። ካልተገጣጠሙ አልጋውን በሚሊሜትር እናንቀሳቅሳለን። ጨረሩ ከዚያ በፊት አይበራም።

ቀዶ ሕክምናው ገና ለሚቀራችሁ አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ። ቀዶ ሐኪማችሁን «ዕጢው በወጣበት ቦታ ክሊፕ ያስቀምጣሉ?» በሉት። ቀዶ ሕክምናው ላለፈባችሁ ደግሞ የቀዶ ሕክምና ማስታወሻውንና ከዚያ በፊት የተነሳችሁትን ማሞግራም ይዛችሁ ኑ። ሲዲው ካለ ሲዲውን፣ ፊልሙ ካለ ፊልሙን። «እሱ እኮ አሮጌ ነው» እያላችሁ ቤት አትተዉት። እኛ የምንፈልገው አሮጌውን ነው።

ያቺ «ነገ ቀጠሮ አለኝ» ያለችኝ ልጅ ማታ መልሳ ጽፋልኛለች። ሄዳለች፤ ሲቲ ተነስታለች፤ ትንፋሽ መያዝም አለማምደዋታል። «ሃያ ሰከንድ እንዲህ ይረዝማል እንዴ?» ትላለች። ቤት ሆና ትለማመድ ብዬ የስልኳን ሰዓት ቆጣሪ እንድትጠቀም ነገርኳት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁጥር ብቻ ላከችልኝ፤ 31።